ኮረንቲ ሰይጣን አይደለም

የትንሣኤ ድራማ ልምምድ ላይ ነበርን። ከድራማ ቡድኑ አንዱ ወንድም መቃብሩ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ሊያስተካክል መሰላል ላይ ወጣ። በአንድ እጁ የጣሪያውን ብረት፣ በሌላው ፓውዛውን እንደያዘ ኮረንቲ መታውና ወደቀ። እጁ ተሰበረ። ሐኪም ቤት አድርሰነው ስንመለስ መድረኩ ዙሪያ ቆመን ጸለይን፤ ድራማውን ሊያስቆም የተነሣውን ጠላት ገሠጽን። ጮክ ብለው «አሜን» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ኤሌክትሪሽያን መጥቶ ፓውዛውን ፈታው። ባለሙያዎቹ ግራውንድ የሚሉት የመሬት መስመር ከብዙ ጊዜ በፊት ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል። የቀሩት ሽቦዎች ልባስ በሙቀት ብዛት ደርቆ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። የተራቆተው ሽቦ ደግሞ የፓውዛውን ቆርቆሮ ነክቷል። የመሬት መስመር ሥራው እንዲህ ያለ ጊዜ ኮረንቲውን ወደ መሬት ወስዶ ብሬከሩ እንዲወርድ ማድረግ ነው። እሱ ከሌለ ኮረንቲው ወደ መሬት የሚሄደው ቆርቆሮውን በነካው ሰው አካል በኩል ነው። ሰይጣን ብዙ ክስ አለበት፤ ያንን ሽቦ ግን የቆረጠው ሰው ነው። ሳንመረምር የሰቀልነው ደግሞ እኛ ነን።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አሮጌ የመድረክ መብራት ወይ በባለሙያ ተፈትሾ ይታደስ፣ ወይ ማንም ዳግመኛ ሊሰካው በማይችልበት መንገድ ይወገድ። ሦስተኛ መንገድ የለም። እኛ ግን ሦስተኛ መንገድ አበጅተን «እምነት»፣ «ቁጠባ» እና «ስጦታ» የሚሉ ሦስት ቆንጆ ስሞች ሰጥተነዋል።

እምነት ከሚለው ልጀምር። «ጌታ ይጠብቀናል» እንላለን። ይጠብቀናል፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን በማቴዎስ 4 ላይ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ያለው ማን እንደ ነበር እናስታውስ። ጌታችን አልዘለለም። ያልዘለለው አባቱን ስለ ተጠራጠረ አይደለም፤ አባቱን መፈታተን ስላልፈለገ ነው። የተበላሸ ሽቦ እያወቁ ወጣት መሰላል ላይ ማውጣት ያው መዝለል ነው፤ ልዩነቱ የምንወረውረው ራሳችንን ሳይሆን የሰው ልጅ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ስም ቁጠባ ነው። «የእግዚአብሔር ገንዘብ አይባክን፤ እስኪቃጠል እንጠቀምበት።» እስኪቃጠል ምን? አምፖሉ ወይስ አዳራሹ? እስቲ እናስላው። በየአዳራሻችን ከሚታዩት አሮጌ ፓውዛዎች ብዙዎቹ አንዳቸው ብቻ 1000 ዋት ይበላሉ። ስድስቱ አንድ ላይ ሲበሩ 6000 ዋት ነው፤ ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ይበልጣል። በአገራችን 220 ቮልት ሲካፈል ወደ 27 አምፔር ይመጣል። የግድግዳው ሶኬት ግን ቢበዛ 16 አምፔር እንዲችል ነው የተሠራው። ስድስቱን በአንድ ማከፋፈያ የምንሰካ ስንት ነን? ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድስ በትልቅ እንዲቀየር ያደረግን? የሚወርደው ሊያናድደን አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ እየጋለ መሆኑን ሊነግረን ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 በቺካጎ ኢሮኮይ በሚባል ቲያትር ቤት የሆነውን እናስብ። ከተከፈተ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም፤ ፈጽሞ እሳት የማይነካው ተብሎም ማስታወቂያ ተነግሮለት ነበር። የበዓል ሰሞን ስለ ነበር አዳራሹ በእናቶችና በልጆች ተሞልቷል። ከአንድ የመድረክ መብራት የወጣ ብልጭታ መጋረጃ ያዘ። እሳቱን ሊያግድ የተዘጋጀው መጋረጃ መንገድ ላይ ተይዞ ቀረ፤ ብዙዎቹ በሮችም አልከፈት አሉ። ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። አዲስ ሕንፃ ውስጥ አንድ መብራትና አንድ መጋረጃ ይህን ካደረጉ፣ በፖሊስተር መጋረጃ ያጌጠው የእኛ መድረክ በምን ይመካል?

«አላወቅንም ነበር» የሚለው መልስም ብዙ አያዘልቅም። ዘጸአት 21 ላይ ስለሚዋጋ በሬ ሕግ አለ። በሬው ድንገት ቢዋጋ ባለቤቱ ነጻ ነው። ቀድሞ የመዋጋት ልማድ እንዳለው ተነግሮት ሳይጠብቀው ሰው ከገደለ ግን ዕዳው በባለቤቱ ላይ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ኮረንቲ ያስነካ ፓውዛ ተዋጊ በሬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወቅንም ማለት አንችልም።

ሦስተኛው ስም ስጦታ ነው፤ እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። ከአደጋው በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን አዳዲስ ኤልኢዲ መብራቶች ገዛች። አሮጌዎቹስ? «ለገጠር አጥቢያ እንስጣቸው፤ እነሱ ምንም የላቸውም» ተባለ። በእሑድ ፕሮግራም ስጦታውን ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ። ተጨበጨበ። የተቆረጠውን ሽቦ በዓይኔ አይቼ ነበር፤ ሆኖም አፌን አልያዘኝም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌሊት እንቅልፍ አሳጣኝና ደወልኩ። ፓውዛዎቹ በባሕር ዛፍ ማገር ላይ ተሰቅለው፣ ከጨርቅ ኮርኒስ ሥር እየበሩ ነበር። አንድ ወንድም ይዤ ሄጄ ሁሉንም አወረድን። የወጣቶቹ መሪ ሲያግዘን ቆየና በትሕትና እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ እናንተ ጋ ሰው የጣለ መብራት እኛ ጋ ሲመጣ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ሚልክያስ አንካሳና ዕውር በግ ለመሠዊያ የሚያቀርቡትን ሲወቅስ፣ ለአለቃችሁ ብታቀርቡት ይቀበላችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ለራሳችን መድረክ የማንፈልገውን ነው ለወንድሞቻችን የሰጠነው። ስጦታ አልነበረም፤ አደጋውን ወደ ድሃው ወንድማችን ማዛወር ነበር።

ከውጭ የሚመጣውም ያው ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በቅን ልብ የሚልኩት መብራት ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን አምፖል እኛ ሶኬት ላይ ሰክቶ ማፈንዳት የአንድ ቅጽበት ሥራ ነው። ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ይነበብ፤ ለማይሆነው ስጦታ «አይሆንም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» ማለት ነውር አይደለም።

«እንግዲያው ለቆራሌው እንስጠውና እንገላገል» የሚል ይኖራል። ቆራሌው ወንድማችን ነው። ከእሱ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ልጅ መዳቡን ለማውጣት ገመዱን ያቃጥላል፣ ጭሱንም ይምጋል። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የጣልነውንም በእጁ የሚለቅመው ሰው አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ እኛ «ጣልነው» የምንለው ነገር የሚያርፈው ሰዎች በሚኖሩበት ቦታ መሆኑን አገር ሁሉ አይቷል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ከሶኬት ነቅለን፣ አቀዝቅዘን፣ አንድ በአንድ እንቁጠራቸው። አካሉ ደህና የሆነውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ሙቀት በሚችል ባለ ሦስት መስመር ገመድ ያድሰው፤ አለበለዚያም የውስጡን አስወጥቶ ለኤልኢዲ አምፖል ያመቻቸው። የአልሙኒየሙ አካል ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ኃይሉም ከቀድሞው ጥቂቱን ብቻ ይፈልጋል። ሲሰቀል ከቡሎኑ ሌላ ሁለተኛ መያዣ ሰንሰለት ይኑረው፤ ከመጋረጃም ፓውዛው ላይ የተጻፈውን ያህል ይራቅ።

የማይታደሰውን ከነቀልን በኋላ ስፒናውን ከነገመዱ በፒንሳ እንቁረጠው፤ ያን ጊዜ ማንም «እስቲ ልሞክረው» አይልም። ነገር ግን ሽቦው ነጭ ወይም ግራጫ፣ እንደ ጥጥ ክር የተፈተለ ልባስ ካለው አትንኩት። በጣም አሮጌ በሆኑ ፓውዛዎች ውስጥ ያ ልባስ አዝቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። እንዳለ በወፍራም ፕላስቲክ ደርባችሁ አሽጉት። በራሳቸው የሚዞሩት ትልልቅ መብራቶች ውስጥ ያሉት አምፖሎችና የፍሎረሰንት ዘንጎች ሜርኩሪ ስላላቸው ሳይሰበሩ በካርቶን ይቀመጡ። እነዚህ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣሉም፤ አገራችንም ስለ አደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አላት። የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የት እንደሚረከቡ መጠየቅ የሽማግሌዎች ብቻ ሥራ አይደለም፤ የወጣቶች ኅብረት ጸሐፊ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የለንም» ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው፦ እንግዲያው ድራማውን በቀን ሥሩት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መስኮት ተከፍቶ። ጌታችን የዘሪውን ምሳሌ ከጀልባ ላይ ሆኖ በባሕር ዳር ሲናገር ፓውዛ አልነበረውም፤ ሕዝቡ ግን ሰምቷል። የወንጌል ድራማ ያለ መብራት ይሠራል። በተሰበረ እጅ የተከፈለበት መብራት ግን ስለ ምን ወንጌል ያበራል?

በዘዳግም 22 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። መከታ መሥራት እምነት ማጣት አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። የዚያ ወንድም እጅ ድኗል፤ ዛሬም መድረክ ላይ ያገለግላል። ለሚቀጥለው በዓል ልምምድ ስትሰበሰቡ ከመጀመሪያው መዝሙር በፊት አንገታችሁን ቀና አድርጉና ከራሳችሁ በላይ ምን እንደ ተሰቀለ እዩ። ከዚያ እንጸልያለን።