ያዘነ ልብና የከበደ ሰውነት

በዓባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በምዕራብ ዓባያ ወረዳ፣ ሙዝ ሲተክልና ሲያጭድ የሚውል ገበሬ ስለ ሰውነቱ መክበድ እምብዛም አይጨነቅም። በብርብር ከተማ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የምትውል፣ ወደ ገበያም በባጃጅ የምትሄድ እናት ግን ኑሮዋ ሌላ ነው። እንዲህ ያለችው እናት ባሏ ሞቶባት ወይም ልጇ ርቆባት ሰውነቷ ቢከብድ፣ ለመቀነስም ሞክራ ባይሆንላት፣ ቤተ ዘመዱ «ሆዷን መግዛት አቃታት» ይላታል። እርስዋም አፍራ ከማኅበሩም ከቅዳሴውም ትቀራለች። በዚህ ወር ከክርስቲያን ቤተሰቦች ጋር ስለዚህ ነገር ልንነጋገር ወደድን።

ነገሩ የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 ሆኑ፤ በከተማ ብቻ ሲታይ ደግሞ 21 ደረሱ።

ሐዘንና ክብደት ምን አገናኛቸው? በ2002 ዓ.ም. የኔዘርላንድስ ሊቃውንት 58,745 ሰዎችን የተከታተሉ 15 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ውፍረት የበዛበት ሰው በኋላ በድብርት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው በ55 ከመቶ፣ በድብርት የተያዘውም በኋላ የመወፈር ዕድሉ በ58 ከመቶ እንደሚበልጥ አገኙ። እንግዲህ አንዱ ሌላውን ይወልዳል ማለት ነው።

ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ሐዘን ሲጸና እንቅልፍ ይጎድላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነትም ረኃቡ ይበዛል። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ሲበረክት ጣፋጭና ቅባት ያለውን ምግብ ያስመኛል፤ ስቡም በሆድ ዙሪያ ይከማቻል። ተነሥቶ የመራመድ ፈቃድም ይደክማል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ፤ ይህን ለሐኪም መንገር እንጂ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ከቶ አይገባም። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲደክምም ድብርትንና ውፍረትን በአንድነት ሊያመጣ ስለሚችል መመርመር ይበጃል።

አንዳንዶች «ጾሙ ሲገባ እቀንሳለሁ» ይላሉ። ጾም ግን ለነፍስ የተሠራ ሕግ እንጂ የክብደት መለኪያ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ማታ በዘይት የተጠበሰውን ያለ ልክ የሚበላ ሰው ሰውነቱም አይቀንስለትም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ ለሕመምተኛ ይራራል፤ ስለዚህ ድብርት የጸናበት ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በተመኘ ጊዜ፣ በዚያች ሰዓት ተግሣጽ አልመጣበትም። ተኛ፤ መልአኩም ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ዳግመኛ ተኛ፤ ዳግመኛም በላ። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት እስከ ኮሬብ የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ዕረፍቱ ቀደመ፤ መንገዱ ተከተለ።

ቤተሰብም እንዲሁ ያድርግ። ስለ ሰውነቷ ከመናገር በፊት ስለ ልቧ ይጠይቃት። ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ አብሯት እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግር ይሂድ፤ መራመድ ሐዘንንም ክብደትንም ያቀላልና። በገበታዋ አገሩ የሚያበቅለው የሽፈራው ቅጠል ይብዛ፤ ስኳርና ዘይት ይነስ። ከክብደቷ ከመቶ 5 እንኳ ብትቀንስ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ይጠቅማታልና፣ ጥቂቱን አትናቁባት። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ዕለት ዕለት ቢዘልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ሞትን የምትመኝ ከሆነ ግን ብቻዋን ሳትተው በዚያው ዕለት ትወሰድ። ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም፤ ፈዋሹ አንድ ነውና።

ያዘነውን የምናጽናና እንጂ በሸክሙ ላይ ሸክም የምንጨምር እንዳንሆን፣ አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን።