ከፒካፑ ሥር የሚሰማው «ኳ» የዘር ወቅት ጉዳይ ነው

የግብርና ምክር በቃል ብቻ ፍሬ አያፈራም። ምርጥ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የመርጫ መሣሪያው ወደ ቀበሌው የሚደርሱበት የመጨረሻው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፒካፕ ጀርባ ላይ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ስለ ሰብል ሳይሆን ስለዚያ ፒካፕ፣ በተለይም ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቅ ከሥር ስለሚሰማው «ኳ» የሚል ድምፅ አሳባችንን ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ለመግለጽ ወደድን። አሳባችንም ይህ ነው፤ ድምፁ በግንቦት ከተሰማ በግንቦት ይታይ፤ የሚታየውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት በእጅ ተይዞ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሾፌሩ ይናገራል፤ ኃላፊው «መኪናው ይሄድ የለም እንዴ?» ይላል፤ ሰኔና ሐምሌ ያልፋሉ። ወይም ደግሞ የባሰው ይሆናል፤ መኪናው ጋራዥ ይገባና ዲፈረንሻሉ በሙሉ ይፈታል። አንድ ማኅበር ለዲፈረንሻል ጥገና ብዙ ገንዘብ ከፍሎ መኪናውን ሲረከብ «ኳ» የሚለው ድምፅ እንዳለ ተመልሶ መጥቷል። ያረጀው ክሮቼራው ነበርና። ይህ በእርሻም የምናውቀው ስሕተት ነው። በጊንጪ አካባቢ እንዳለው ባለ ጥቁር አፈር ማሳ ላይ ስንዴ በክረምት ቢጫ ሲሆን ዩሪያ ለመጨመር የሚቸኩል አለ። ሥሩ ውኃ ተኝቶበት አየር አጥቶ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ውኃውን ማጠንፈፍ ነው፤ ማዳበሪያው ከውኃው ጋር ይባክናል።

ካርዳን የምንለው ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ ነው። በጫፎቹ ላይ ክሮቼራ አለ። ቃሉ ጣልያንኛ ሲሆን የመጣው መስቀል ከሚለው ነው፤ ዕቃውም በእርግጥ ባለ አራት ክንድ መስቀል ነው። እያንዳንዱ ክንድ በቆብ ተሸፍኗል፤ በቆቡ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች አሉ። ግራሶ ሲያልቅ ሮለሮቹ ይደርቃሉ፣ ይዝጋሉ፣ ክንዱንም ይቦረቡራሉ። ክፍተት የተፈጠረበት ክሮቼራ ኃይሉ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ይማታል። «ኳ» የሚለው ይህ ነው።

ሆኖም እያንዳንዱ «ኳ» የክሮቼራ አይደለም። ስለዚህ ሾፌሩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን መቼ እንደሚሰማ ነው። ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲለወጥ ወይም ቤንዚን ሲሰጥና ሲለቀቅ ከሆነ ክሮቼራው ወይም ዲፈረንሻሉ ይጠረጠራል። መኪናው ቆሞ ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ካርዳኑ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያደርገው ተንሸራታች ጥርሳም ክፍል ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አንዳንዴ በግራሶ ብቻ ይድናል። በዝግታ ሲኬድ ከመንኰራኩሩ ዙር ጋር «ጢጥ ጢጥ» የሚል ከሆነ ሮለሮቹ ደርቀዋል፤ «ኳ»ው ገና እየመጣ ነው። ኮርቻ መሰሉን ጉብታ ሲያልፍ ወይም ሲነሣ ከኋላ ከመታ ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ቡሎኖች ላልተው እንደሆነ ይታይ። ሌላም አለ፤ ከጭቃ ወጥቶ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊሉን ሳይፈታ የሚነዳ ሾፌር፣ የፊቱና የኋላው ጎማ የሚጓዙት ርቀት ልዩነት ማስተላለፊያውን እያጠመዘዘው ተመሳሳይ ድምፅ ይሰማል። ይህን የሚያስተካክለው ሾፌሩ እንጂ ጋራዥ አይደለም።

ምርመራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ማርሹ ነፃ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። አንዱ እጅ ካርዳኑን፣ ሌላው ሹካውን ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ያጠማዝዝ፤ ቀጥሎም ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቅ። በመስቀሉና በቆቡ መካከል በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ ክሮቼራው አልቋል። በቆቡ ዙሪያ ዝገት መልክ ያለው ቀይ ብናኝም ምስክር ነው። ሁለት ክፍል ባለው ካርዳን የመካከለኛው ኩሽኔታ ላስቲክ መቀደዱም ይታይ። ክሮቼራዎቹ ጥብቅ ሆነው ዘንጉ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ቢዞር የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ተፈጥሮ ነውና አያስደንግጥም። የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ ግን ኩሽኔታው ሄዷልና ያኔ ጋራዥ ተገቢ ነው።

ካርዳኑ ከመፈታቱ በፊት በፍላንጆቹና በተንሸራታቹ ክፍል ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ። ይህን ደጋግመን የምንናገረው በብዙ ጋራዥ ስለሚዘለል ነው። ዘንጎቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ካልሆኑ አንድ ክሮቼራ ብቻውን ዙሩን እኩል አያስተላልፍም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገያል። ሌላኛው ክሮቼራ ይህን የሚያቃናው የዘንጉ ሁለት ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ ሲገጠሙ ነው። ጥርሱ ተዛንፎ ከተገጠመ «ኳ»ው ጠፍቶ መንቀጥቀጥ ይተካል፤ አዲሱም ክሮቼራ ቶሎ ያልቃል።

ኒፕል ላለው ክሮቼራ ግራሶ የሚሰጠው አሮጌው ወጥቶ አዲሱ በአራቱም ቆብ እስኪታይ ድረስ ነው። አንዱ ቆብ አልቀበል ካለ ክሮቼራውን ለመለወጥ መዘጋጀት ይገባል። ጊዜውን የመኪናው መጽሐፍ ይወስናል፤ በእኛ አስተያየት ግን በጭቃና በአቧራ ለሚሠራ ፒካፕ ከ5,000 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ወንዝ ሲሻገር ካርዳኑ ውኃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ኪሎ ሜትር ሳይጠበቅ በዚያው ሳምንት ይሁን።

ስለ ጭነትም ዝም ማለት አንችልም። ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ 20 ከረጢት አንድ ቶን ነው። አንድ ቶን በሚችል ፒካፕ ላይ 30 ከረጢት ጭኖ፣ በላዩ ሰው ማሳፈር በየወረዳው የተለመደ ሆኗል። ይህን ለመሸከም ተብሎ ባሌስትራ ሲጨመር ደግሞ የካርዳኑ ማዕዘን ይለወጣል፤ ባዶውን ሲሄድ ክሮቼራዎቹ ያለ ልካቸው ይታጠፋሉ። በመንገድ ላይ ክሮቼራ ሲሰበር የሚወድቀው ካርዳን የፍሬን ቱቦ ሊቆርጥ ይችላል፤ የፊተኛው ጫፍ ከወደቀም መሬት ወግቶ መኪናውን ሊያነሣው ይችላል። በከረጢቱ ላይ የተቀመጡት ሰዎች የት እንደሚደርሱ መገመት አያዳግትም። ሰው ባይጎዳም ስንዴው ቁጥቋጦ በሚያወጣበት ጊዜ ሊደርስ የሚገባው ዩሪያ በመንገድ ዳር ይቀራል፤ ገበሬው የከፈለበት ማዳበሪያ ደግሞ ዘግይቶ ቢመጣ ያንኑ ያህል አያፈራም።

አንዳንድ የማኅበር ኃላፊዎች የመኪና ጉዳይ የሾፌር ነው ይላሉ። እኛ አንስማማም። ሾፌሩ የመግዛትም ሆነ መኪናውን የማቆም ሥልጣን ሳይኖረው ኃላፊነቱን ብቻ መሸከሙ ትክክል አይደለም። ማኅበሩ ሾፌሩ የተናገረውን ድምፅ ከነቀኑ በመዝገብ ያስፍር፤ ሳይመረመርም ጭነት አይታዘዝ። የግራሶ ፓምፕና ለመኪናው ልክ የሆነ አንድ ክሮቼራ ከማዳበሪያው በፊት መጋዘን ይግቡ። ክሮቼራው ሲገዛ የመኪናውን ሞዴል ብቻ ተናግሮ ከመግዛት አሮጌውን ይዞ ሄዶ የቆቡን ስፋትና የመስቀሉን ርዝመት ማስለካት ይሻላል፤ በአንድ ሞዴል ውስጥም ልኩ ሊለያይ ይችላልና።