የአማትና የምራት ነገር

ደባርቅ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ይሰበስበዋል። እኔም የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ ወደ አከራዬ ቤት ጎራ ብዬ ከምድጃው ዳር መቀመጥ ልማድ ሆኖብኛል። እትዬ፣ ስማቸውን ለዚህ ጽሑፍ ልተወውና፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የግቢያቸውን ክፍሎች እያከራዩ የሚኖሩ ናቸው። ከእኔ ሌላ ሦስት ሴት ተማሪዎች በአንዲት ክፍል ተዳብለው ይኖራሉ፤ አገራቸው ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ በታች ስለ ሆነ ዓርብ ዓርብ ቁልቁል ወርደው እሑድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። መብራት ባለ ጊዜ ቴሌቪዥኑ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ባትሪ የተረፈው ስልክ በመካከላችን ይቀመጣል።

ጥር ሲገባ ስናየው የከረምነው አንድ የቻይና ድራማ ነበር። እንዲህ ያለውን ድራማ አንድ ተራኪ በአማርኛ ድምፁን ይደርብበትና በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ተራኪው ሲያሻው ባለ ታሪኩ ያላሰበውን ሁሉ ይናገርለታል። አማቲቱ ወደ ልጅዋ ቤት ገብታ የምራትዋን ድስት ከፍታ አሽትታ ፊትዋን ስታኮሳትር ጊዜ እትዬ በሳቅ ፈንድተው «ይቺ የኛው አገር ሰው ናት እንጂ ማን ነው ቻይና የሚላት!» አሉ። ልጆቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ማታ ተኝቼ ሳስበው ነገሩ ከነከነኝ።

የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ እየተናገረ በብዛት ወደ ቤታችን የገባው ቃና ቴሌቪዥን ሥራውን በጀመረበት በ2008 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ተማሪ ነበርሁ፤ የቱርኮቹ ሰዓት ሲደርስ ቡና የሚያፈላ ሰው እንኳ አይገኝም ነበር። የአገራችን የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ገበያችን ተወሰደ፣ ባህላችንም ሊበላሽ ነው ብለው አቤት ማለታቸው አይረሳም። ስለ ገበያው ያሉት እውነት ሳይኖረው አልቀረም። ስለ ባህሉ ግን በበኩሌ ብዙ አልተጨነቅሁም። ምክንያቱም እነዚያ የቱርክ ድራማዎች የሚያሳዩን በአብዛኛው ከባሕር ዳር የተሠራ ታላቅ ቤት፣ የሚያብረቀርቅ መኪናና በጠላትነት የሚፈላለጉ ባለጸጎች ስለ ሆኑ፣ ተመልካቹ ተረት እንደሚሰማ ሆኖ ያየዋል እንጂ ከራሱ ኑሮ ጋር አያመዛዝነውም። በዚያ ላይ ጋብቻ የታሪኩ መድረሻ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ስንት መከራ አልፈው ሲጋቡ ነገሩ ያልቃል።

የቻይናዎቹ የቤተ ሰብ ድራማዎች ግን (የቤተ መንግሥቱንና የሰይፉን ዓይነት ትቼ ነው የምናገረው) ከሠርጉ ማግሥት ይነሣሉ። ጥያቄያቸውም ትወደዋለች ወይስ አትወደውም የሚል አይደለም። በማን ቤት ይኖራሉ? ቤቱን ማን ገዛው? ደመወዝዋ ለማን ይገባል? አባት ሲያረጅ ማን ይጦረዋል? የሚል ነው እንጂ። እትዬን ያሳቃቸው ይኸው ይመስለኛል።

ለምሳሌ ያህል የማኦ ዶውዶውን ታሪክ እንውሰድ። እርስዋ ነርስ ናት። ያገባችው ሰው ወላጆች የተፋቱ ስለ ሆኑ፣ ምስኪኒቱ ሌላዋ ሴት በአንድ አማት የምትማረርበትን ነገር ከአንድ በላይ በሆኑ አማቶች ታየዋለች። ይህ ድራማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ወደ ስዋሂሊ ተመልሶ በታንዛኒያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ተወዳጅነቱም ከዚህ የተነሣ የቻይናው ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ በ2013 ዳሬ ሰላም ላይ ባደረጉት ንግግር እስኪያነሡት ድረስ ሆነ። የመንግሥት መሪ ስለ አማትና ምራት ድራማ በአደባባይ ሲናገር ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ስንሄድ በ1990 የቻይናን ሕዝብ ያስለቀሰውን «ናፍቆት» የተባለ ድራማ እናገኛለን። ባለ ታሪክዋ ሊዩ ሁዌይፋንግ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የተማረ ሰው አግብታ፣ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን አንሥታ ታሳድጋለች። ባልዋ ይከፋዋል፤ ትዳሩም ይፈርሳል። ያቺ ሕፃን ደግሞ በኋላ ሲታወቅ የባልዋ የገዛ እኅት ልጅ ሆና ትገኛለች። ሴትዮዋ ግን ሁሉን ችላ ዝም ትላለች። እኔ ይህን ድራማ ዩኒቨርስቲ ሳለሁ ከመኝታ ጓደኞቼ ጋር በትርጉም ጽሑፍ ሳየው ከእንባ ይልቅ ንዴት ያዘኝ። እትዬ ቢያዩት ግን «እንዲህ ናት ሴት!» ማለታቸው አይቀርም፤ በዚህ ነገር ተከራክረን ተስማምተን አናውቅም።

ከ«ናፍቆት» ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2019፣ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚባለው መጣ። በዚህ ውስጥ ያለችው ሱ ሚንግዩ የምትችል ሴት አይደለችም። እናትዋ የቤቱን ክፍሎች እየሸጠች ለወንዶቹ ስታውለው፣ ለሴት ልጅዋ ግን ገንዘብ ስለማይገኝ ያለ ክፍያ የሚያስተምር የመምህራን ተቋም ይበቃታል ተባለ። (መምህርነት እንደ ቅጣት መቆጠሩን ባየሁ ጊዜ፣ አንባቢ ይፍረደኝ፣ ድራማውን ለአንድ ምሽት አኩርፌው ነበር።) ልጅቱም በአሥራ ስምንት ዓመትዋ ከቤተ ሰብዋ ተቆራርጣ፣ በራስዋ ጥረት ትልቅ የኩባንያ ኃላፊ ሆነች። እስከዚህ ድረስ እሰይ ያሰኛል። ነገር ግን ፍጻሜው ላይ አባትዋ የመርሳት በሽታ ሲይዘው፣ ገንዘብ የተዋለላቸው ወንዶች ልጆች እያሉ፣ ሥራዋን ለቃ የምታስታምመው እርስዋ ናት። ደራሲዎቹ በር ከፍተው ካስወጧት በኋላ በጓሮ በር መልሰው አስገቧት። እኔ የቻይናን ድራማ የማደንቀው ኑሮን እንዳለ ስለሚያሳይ ነው፤ የማማውም ሴቲቱን በመጨረሻ ወደ ጓዳ ስለሚመልሳት ነው።

የአገሩ ኑሮ ደግሞ ከድራማው እየቀደመ ሄዷል። በ2013 በቻይና ከ13 ሚሊዮን በላይ ጋብቻ ተመዝግቦ ነበር፤ በ2024 ግን 6 ሚሊዮን 100 ሺህ ያህል ብቻ ተመዘገበ። ሃያ ሰባት ዓመት አልፏት ያላገባችውን ሴት «ሸንግ ኑ» ይሏታል፤ የተረፈች፣ ከማዕድ የቀረች እንደ ማለት ነው። ቃሉን የአገሩ ትምህርት ሚኒስቴር በ2007 ከአዳዲስ ቃላት ዝርዝር አስገብቶታል። እኛስ ብንሆን «ቆሞ ቀር» የሚል ቃል ያዘጋጀነው ለማን ነው? እትዬ ዘወትር «አንቺስ ልጄ፣ መቼ ነው?» ይሉኛል። ወንድ መምህራን ባልደረቦቼ ከእኔ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሆነው ሳለ ማንም እንዲህ ብሎ ሲጠይቃቸው አልሰማሁም።

ከሁሉ ይልቅ ግን በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣው የቤት ደብተር ነገር ነው። በቻይና ከተሞች ወንዱ ቤት ሳይኖረው ሚስት መጠየቅ ይከብደዋል። ወላጆቹ ያጠራቀሙትን አውጥተው ይገዙለታል፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ ደብተር ላይ የማን ስም ይጻፍ የሚለው ጠብ ይነሣል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሰጠው ትርጓሜ፣ ወላጆች ገዝተው በልጃቸው ስም ብቻ ያስመዘገቡት ቤት ከጋብቻ በኋላ የተገዛ ቢሆንም ባልና ሚስት ሲፋቱ የልጁ የግል ሀብት ነው ብሎ ነበር። ትርጓሜው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ያን ጊዜ ግን ምራቶች ሁሉ ደብተሩን ማገላበጥ ያዙ።

ከሦስቱ ልጆች አንዲቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት። ስለ ቤት ደብተር የሚጣሉበትን ክፍል ባየንበት ምሽት፣ ሌሎቹ ከተኙ በኋላ ወደ እኔ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ቤቱ በሷ ስም ካልተጻፈ፣ ቢጣሉ ሜዳ ላይ ቀረች ማለት ነው?» አለችኝ።

እኔ ስለ ድራማው የምትጠይቀኝ መስሎኝ የቻይናውን ፍርድ ቤት ነገር ሁሉ አስረዳኋት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣

«እኛም ቤት ሽማግሌ ገብቷል» አለች።

ይህን ጊዜ የተማርሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት፣ ለወንድ 18 ዓመት ፈቅዶ እንደ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 ዓመት እንዳደረገው፤ ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ እንዳወጣ፤ የወንጀለኛ መቅጫውም ሕግ ያለ ዕድሜዋ ልጅ የሚያገባውን ሰው በእስራት እንደሚቀጣ ነገርኋት። ቻይናዎቹም በ1950 ባወጡት ሕግ ያለ ፈቃድ መዳርን ከልክለው፣ ዛሬ ለሴት 20፣ ለወንድ 22 ዓመት እንደሚጠይቁ ጨመርሁላት። ልጅቱ አንገትዋን ደፍታ፣

«አውቃለሁ ቲቸር፣ ሲቪክስ ላይ ተምረነዋል። አባቴን ግን ማሳሰር አልፈልግም» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አጣሁለት። ሕጉ የወረቀት ጉድለት የለበትም። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ ማዕከላዊ ዕድሜ 17.1፣ የወንዶቹ ግን 23.7 ነበር። ከሕጉ በታች ያለው ያ ቁጥር ውስጥ አባትዋን ማሳሰር ያልፈለገች ስንት ልጅ አለች? በበኩሌ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ለማመልከት ቆርጬ ነበር። እርስዋ ግን እስከ እሑድ ጊዜ ስጡኝ ብላ ለመነችኝ። ሰጠኋት፤ ያን ሁለት ሌሊት እንዴት እንዳደርሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ ማታ በሶዋን ተሸክማ ደረሰች። የሆነው እንዲህ ነው። ለአባትዋ ምንም አላለችም፤ ስለ ትምህርትም ስለ ዕድሜም አላነሣችም። ምድጃ ዳር ከእናትዋ ጋር ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «እኔ የምጻፈው በየትኛው ደብተር ላይ ነው?» አለቻት። በክልላችን የገጠር መሬት ምዝገባ በ1990ዎቹ ዓመታት ከተጀመረ ወዲህ፣ በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንደሚሰፍር አገሬው ሁሉ ያውቃል። የታጨላት ልጅ ግን መሬት የለውም፤ የሚያርሰው ከአባቱ ደብተር ላይ ነው። እናትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ሌሊት ለባልዋ ነገረችው። አባት የትምህርት ነገር ሲነሣ የማይሰማ ሰው ነው አሉ። ሁለት ከብት ሊሰጥ ቃል ለገባበት ጎጆ ልጁ ስምዋ የሚጻፍበት መሬት እንደሌለ ሲነገረው ግን ተነሥቶ ተቀመጠ። በነጋታው ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ ነገሩ ልጅቱ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ይቆይ አላቸው።

ይቆይ አለ እንጂ ይቅር አላለም። ሽማግሌዎቹ ቢመለሱ እኔ እንደማመለክት ለልጅቱ ነግሬያታለሁ፤ እርስዋም እሺ ብላለች። ደስታዬ ሙሉ ያልሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። ልጁ መሬት ቢኖረውስ ኖሮ? ለሁለት ከብት የተፈራው ነገር ለልጅቱ ለራስዋ ቢፈራላት ምን ነበረበት? ሆኖም ሁለት ዓመት ሁለት ዓመት ነው። ሰኞ ጧት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስታሳየኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያረምሁላት።

ይህንኑ ወሬ እትዬ ሲሰሙ ምንም አልተናገሩም። ማታ ግን ከአልጋቸው ሥር ሣጥን ስበው፣ በላስቲክና በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ለእኩል የሚያሳርሱት የገብስ መሬት አላቸው። «ልጄ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ፎቶግራፌ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ስሜ ግን የትኛው እንደ ሆነ አንድ ቀን አላየሁትም» አሉኝ። የባላቸውን ስም አነበብሁ፤ ቀጥዬም የእርሳቸውን በጣቴ እያሳየሁ አነበብሁላቸው። ጣታቸውን በፊደሉ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

ልጅቱ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ ፎቶግራፉን እያየች፣ «እትዬ፣ እዚህ ላይ ስንት ዓመትዎ ነበር?» አለች።

«አርባ ሞልቶኝ ነበር» አሉ እትዬ። «የተዳርሁት በአሥራ ሁለቴ ነው።»