በር መዝጋት ዕውቀት ነውን?

ተማሪ ወገኖቼ! በካሊፎርኒያ ካሉት ከግሉ ስታንፎርድና ከመንግሥቱ በርክሌይ የትኛው ይመረጣል ሲባል፥ ብዙዎቻችን ሳናመነታ ስታንፎርድ እንላለን። ምክንያታችንም ከመቶ አመልካች ከ95 በላይ መመለሱ ነው! በር መዝጋት ከመቼ ወዲህ ነው ዕውቀት የሆነው? ስታንፎርድ የሚያስተምራቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች 8,000 አይሞሉም፤ በርክሌይ ግን ከ30,000 በላይ ይዟል። እርግጥ፥ ስታንፎርድ የተቀበለውን የድኻ ልጅ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ለዚያ ልጅ ከበርክሌይ ሊረክስለት ስለሚችል አትሂድ አልለውም።

በርክሌይም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው የካሊፎርኒያ የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ ለነዋሪው ልጅ ትምህርቱ ያለ ክፍያ እንዲሆን አጽንቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ያው ልጅ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ስለ ስም ከምንከራከር፥ ይህ ቃል ስለምን ፈረሰ ብለን ብንጠይቅ አይሻልምን?