ብረቱ ለማን ተሠራ?

የጦር መሣሪያ ዕድገት ከሠሪውና ከተዋጊው ሕይወት ተነጥሎ ሊታይ እንደማይገባ እናምናለን። በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ለሠራዊቱ አገልግሎት የበቃው ባለሰንሰለት ብረት ለበስ፣ ቢ.ኤም.ፒ.-1፣ ለዚህ ተጨባጭ ማስረጃ ነው።

መሐንዲሶቹ የተነሡበት ጥያቄ፣ በአቶም በተበከለ ሜዳ እግረኛው ከታንኩ ሳይነጠል እንዴት ይዋጋ? የሚል ነበር። 13 ቶን ገደማ የሚመዝነው ተሽከርካሪ 3 ባልደረቦችንና 8 እግረኞችን ይዞ፣ ወንዝ ሲያጋጥመው ድልድይ ሳይጠብቅ በሰንሰለቱ እየቀዘፈ ይሻገራል። ይሁን እንጂ ለመንሳፈፍ መቅለል፣ ለመቅለልም ብረቱን ማሳሳት ግድ ሆነ። ዕዳውን የከፈለው በውስጡ የተቀመጠው ወታደር ነው።

እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ጉድለቱን አጋለጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 አገልግሎት የጀመረው ቢ.ኤም.ፒ.-2 የ30 ሚሊ ሜትር መድፍና ሁለት ሰው የሚይዝ ቱሬት ይዞ ቀረበ። በአፍጋኒስታን ግን ፈንጂን የሠጋው እግረኛ ከብረቱ ሆድ ይልቅ ጀርባውን መረጠ፤ ተጨማሪ ብረት የተለበጠበት ቢ.ኤም.ፒ.-2ዲም መንሳፈፉን አጣ።

ስለዚህ የመሣሪያ ብቃት በሰልፍ ሜዳ ግርማው ሳይሆን፣ በተሸከመው ሰው ደኅንነት ሊመዘን ይገባል እንላለን። ፋብሪካው የተዋጊውን ድምፅ ያዳምጥ!