ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት

ስለ ካናዳ ስንማር አንድ የክፍል ጓደኛዬ «አሥሩ ጠቅላይ ግዛቶች እያንዳንዳቸው አንድ ምክር ቤት ብቻ ስላላቸው ሥራቸው የተቀላጠፈ ነው» አለ። እኔ ግን በዚህ አሳብ ላይ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ።

እርግጥ ነው፤ ኬቤክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ሁለተኛውን ምክር ቤት ካስቀረ ወዲህ ሁለት ያለው ጠቅላይ ግዛት የለም። የንጉሡ እንደራሴ ሕጉን ያጸድቃል፤ ነገር ግን በሚኒስትሮቹ ምክር ስለሚሠራ እንቢ ይላል ተብሎ አይጠበቅም። ፕሪሚየር የሚባለው የሚኒስትሮቹ አለቃም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ምክር ቤት ብዙ ወንበር ያለው ፓርቲ መሪ ነው። እንግዲህ ሚኒስትሮቹን ፊት ለፊት የሚጠይቃቸው ማነው? የተቃዋሚው ወገን ነው።

እርሱስ ባይኖር? ይህ የፈጠራ ጥያቄ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በኒው ብራንዝዊክ የፍራንክ መኬና ሊበራል ፓርቲ 58ቱንም ወንበሮች ጠቅልሎ ወሰደ። ከተሰጠው ድምፅ ግን ያገኘው ከመቶ 60 ያህሉን ነበር። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ብቻ ስለሚገባ፣ የቀረው መራጭ የደገፈው ፓርቲ አንድም ወንበር ሳይኖረው እስከ 1991 ዓ.ም. ምርጫ ቆየ። መኬና መጥፎ አስተዳዳሪ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ተከታትለው አሸንፈዋል። ዳሩ ግን ጎበዝ ተማሪም ቢሆን የራሱን ፈተና ራሱ ሲያርም ደስ አይለኝም። (እኔም ዕድሉን ባገኝ ለራሴ ሳላዳላ አልቀርም።)

ጓደኛዬ «ታዲያ ሁለተኛው ምክር ቤት ይመለስ ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልልም። ድምፅ ወደ ወንበር የሚለወጥበት ሥርዓት ይሻሻል እላለሁ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2005 ዓ.ም. ሕዝቡን ብትጠይቅ ከመቶ 57 የሚበልጠው ለውጡን ደገፈ፤ የተወሰነው መጠን ግን ከመቶ 60 ስለ ነበር ሳይፈጸም ቀረ። በ2018 ዓ.ም. እንደገና ሲጠየቅ ደግሞ የሚበዛው ሰው የቆየው ይሻለናል አለ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ፤ እኔም አሳቤን አልለወጥኩም።