ልብስ ጠባቂዎቹስ መቼ ይጫወቱ?

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ኳስ ግጥሚያና ስለ ሯጮች ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ደግሞ ግብ አግብተው ስለማያውቁ፣ ሮጠውም ማንንም ስላልቀደሙ ልጆች ልንጽፍ ነው። ይኸውም ስለ ራሳችን ማለት ነው።

እንደሚታወቀው በየሰፈሩ ኳስ ሲጀመር ሁለት ጎበዞች ይወጡና ልጆቹን ይመራረጣሉ። መጀመሪያ ፈጣኑ፣ ቀጥሎ ጉልበተኛው፣ ከዚያም ኳሱን ያመጣው ልጅ ይጠራል። እኛ መጨረሻ ላይ እንተርፋለን። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነማ ጨርሶ የሚፈልገን የለም። «በል አንተ ልብስ ጠብቅ» እንባልና ከሹራብና ከጫማ ክምር አጠገብ ቁጭ ብለን ጨዋታው እስኪያልቅ እናያለን። ትምህርት ቤት ስንገባም ነገሩ ያው ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ፊሽካ ይነፋሉ፣ አንዲት ኳስ ይወረውራሉ፣ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ኳሷን የሚያገኟት ዓመቱን ሙሉ እነዚያው ስምንት ዘጠኝ ልጆች ናቸው። በዚያ ላይ ያረፈደ ወይም ያወራ ተማሪ ቅጣቱ ሜዳውን አምስት ዙር መሮጥ ነበር። ኧረ ለመሆኑ በቅጣት የተሮጠ ሩጫ እንዴት ይወደዳል?

እንዲህ ሆኖ ሳለ ግን እንቅስቃሴ አንጠላም። በዚህ ማሠልጠኛ አንድ መኝታ ክፍል የተመደብን አራት ዕጩ መምህራን አንድ ማታ ስናወጋ አራታችንም ልብስ ጠባቂ እንደነበርን ታወቀና ከልባችን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ደግሞ እያንዳንዳችን የሚወደው ነገር እንዳለው ተረዳን። አንዱ ወንዝ ዳር ስላደገ ዋና ይወዳል፤ ፍጥነት የለውም፣ ነገር ግን ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚመርጠውም የሚተወውም የለም። ሁለተኛው ከእኅቶቹ ጋር ገመድ እየዘለለ ያደገ ነው፤ ይህንንም እስከዚያች ማታ ደብቆን ነበር። ሦስተኛው በገበያ ቀን ከእናቱ ጋር ሁለት ሰዓት በእግሩ ይጓዝ ስለነበር አቀበት አይፈራም። አራተኛው ሁልጊዜ እየተሸነፈም ቢሆን ከጠረጴዛ ቴኒስ አይጠፋም።

አሁን አሁን ከትምህርት በኋላ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ክብ ሠርተን የመረብ ኳስ እንቀባበላለን። መረብ የለም፣ ነጥብም የለም። ኳሷ መሬት ሳትነካ ስንት ጊዜ እንደመታናት ብቻ እንቆጥራለን። በመጀመሪያው ሳምንት ከ7 አላለፍንም። ባለፈው ዓርብ 41 ደረስን። ጩኸታችንን የሰሙ ልጆች ዋንጫ የበላን መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን እንጽፋለን? ነገሩ በእኛ ላይ ብቻ የቀረ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት ግን ከአራታችን አንዱ የ4ኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ደረሰው። ተማሪው 49፣ ኳሱ አንድ። ሁለት ጎበዞች አወጣና «ተመራረጡ» አለ። መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን ቆማ ቀረች። «አንቺ እንግዲህ ልብስ ጠብቂ» አላት። «እሺ ቲቸር» ብላ ሄደችና ልብሱን አንድ በአንድ እያጣጠፈች ደረደረችው። ሥራውን የለመደችው መሆኑ ያስታውቃል። ጓደኛችን ያን ማታ እራት አልበላም። እኛም አልፈረድንበትም። በቦታው ብንሆን ያንኑ ቃል እንናገር ነበር፤ ያደግነው በዚያ ነዋ!

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አገራችን የሯጮች አገር ናት፤ ጎበዙ ካልተለየ ሯጭ ከየት ይመጣል?» ይሉናል። መለየቱን አንቃወምም። ጎበዞቹ ከክፍለ ጊዜው ውጭ ቡድን ይኑራቸው፣ ይወዳደሩ፤ እኛም ወጥተን እናጨበጭባለን። ክፍለ ጊዜው ግን የሁሉም ነው። ዩኔስኮ በ1971 ዓ.ም. ባወጣው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻና ስፖርት የሰው ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስፍሯል። የዓለም የጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ልብስ የምትጠብቀው ልጅ ይህን ደቂቃ ከየት ታምጣ?

የሯጮች አገር ከተባለ ሻምበል አበበ ቢቂላን እናንሣ። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ማሸነፉን፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ መድገሙን የማያውቅ የለም። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ ግን እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ይደረግ በነበረው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት መወርወሩን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ዓለም ያጨበጨበለት ሰው እንደ ጀማሪ አዲስ ጨዋታ ለመማር ካላፈረ፣ እኛ ለአንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ የሚሆን ጨዋታ መፈለግ እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው ይህን ነው። መመራረጡን ትተን «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያስባልን እንክፈል። ትርፍ ልጅ ካለ ከአንዱ ቡድን ይጨመር፤ አንድ ሰው በመብለጡ ጨዋታ አይበላሽም። ከጨርቅና ከአሮጌ ካልሲ ተጨማሪ ኳሶች እንስፋ፤ የመርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት የተማርነው ለመቼ ነው? ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞ በትምህርት ዕቅዳችን ይግቡ። ተማሪው በራሱ የትናንት ውጤት ይለካ፤ 10 ጊዜ ይዘልል የነበረ 14 ከዘለለ ይመስገን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም? ሩጫን ቅጣት አናድርገው። ልብሱንም የግድ የሚጠብቅ ካስፈለገ መምህሩ ይጠብቅ። መምህራኖቻችንም ይህን ጉዳይ በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ ቢያወያዩን ደስ ይለናል።

ጓደኛችን በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያችው ክፍል ይመለሳል። እስከዚያ ኳስ እየሰፋን ስለሆነ አሮጌ ካልሲ ያላችሁ አቀብሉን። ሐሳባችንን የማይቀበል ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍብን። መቀባበል የሚፈልግ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ይምጣ፤ ክቡ ይሰፋል።